ተመላሹ ድሪቶ

ኪሾር ዕቃውን በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ጠቅልሎ ስላመጣው፣ ሰፊዋ የምሥራች መጀመሪያ የመሰላት ሰውየው መጣያ ፈልጎ የገባ ነበር። ጊዜው በፈረንጆቹ 2006፣ ኖቬምበር ሊያልቅ ሲል ነው። ዴንቨር ጥግ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ፣ በሜክሲኮዎቹ ዳቦ ቤትና በስልክ ካርድ መሸጫው መሃል የተሸጎጠችው የስፌት ሱቋ በሚያጥር ሱሪ፣ በሚጠብ ቀሚስና ዚፑ በተበላሸ ጃኬት ታጭቃለች። እሷም ለበዓል ግብዣ የሚደርስ ቀሚስ ይዛ፣ መርፌ በከንፈሯ ነክሳ ነበር።

ሰውየው አጠር ያለ፣ የሆስፒታል ዩኒፎርም የለበሰ፣ ዕድሜው ከታናሽ ወንድሟ የማይበልጥ ነው። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ውስጡ ያለውን በሁለት እጁ አቅፎ አወጣው።

«ድሪቶ ነው እንዴ?» አለች በልቧ።

ድሪቶ ነው፤ ግን እሷ የምታውቀው ዓይነት ድሪቶ አይደለም። ቀይ፣ ጥቁርና ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ እራፊዎች ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን እየሆኑ ተጋጥመው፣ ከሩቅ ሲያዩት ዓይን ይይዛል። ሲያነሱት ይከብዳል። አሮጌ ጨርቅ በአሮጌ ጨርቅ ላይ ተደራርቦ፣ ከዳር እስከ ዳር በእጅ መስመር በመስመር ተሰፍቷል፤ በእጅ ሲዳስሱት እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ትልም ይላል። አንደኛው ማዕዘን ላይ ግን ትልቅ ሳህን የሚያህል ቀዳዳ አለ። የቀዳዳው ዳር በመቀስ የተከረከመ ይመስላል።

ኪሾር ነገሩን አስረዳት። ስሙ ራሊ ይባላል። ቤተሰቡ የመጣው ሲንድ ከሚባለው አገር፣ በፓኪስታንና በህንድ ወሰን ላይ ከተዘረጋው የታር በረሃ ነው። እዚያ ሴቶች ያረጀ ልብስ አይጥሉም፤ እየደራረቡ፣ ፊቱን በቀለም እራፊ እያስጌጡ ራሊ ይሰፋሉ። ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት የምትገባው ራሊዎቿን አስጭና ነው። ይሄኛውን እናቱ ጂቪ ለሠርጋቸው ከቤታቸው ሴቶች ጋር ሆነው የሰፉት ሲሆን፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለሱ ተኝተው አያውቁም። ከተቀደደ ወዲህ ግን ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ።

«እንዴት ተቀደደ?» ብላ ጠየቀችው።

«አርጅቶ ነው» አለ፣ ዓይኑን ወደ መንገዱ መልሶ።

የምሥራች ሥራውን ናቀችው። ካርቱም በስደት ሳለች ከአንድ ቁጡ ግብፃዊ ሰፊ ዘንድ ዓመታት ተቀምጣ ጀለቢያ ሰፍታለች፤ አሜሪካ ከገባች ደግሞ ያላስተካከለችው የልብስ ዓይነት የለም። አንድ ድሪቶ ምን ያስቸግራታል? በሳምንቱ ና አለችው። ከጨርቅ መደብር አዲስ ቀይ፣ አዲስ ጥቁር፣ አዲስ ቢጫ ገዛች። ማዕዘኖቹን ለክታ ቆረጠች፤ ውስጡን ሞላች፤ ከስፌት መኪናዋ እግር ሥር አስገባችው። መርፌው ተሰበረ። ሌላ አስገባች፤ እሱም ተሰበረ። በመጨረሻ የቆዳ መስፊያ መርፌ አድርጋ፣ ድሪቶውን በትከሻዋ እየገፋች ጨረሰችው። ጀርባዋ ለሁለት ቀን ታመመ።

ኪሾር ሲያየው ፊቱ በራ። አመስግኖ፣ ሁለት ጊዜ እጅ ነሥቶ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ከነፌስታሉ ተመልሶ መጣ።

እናቱ እንዳልወደዱት ነገራት። ምኑን እንዳልወደዱት ስትጠይቀው አያውቅም። ስፌቱ ነው? ቀለሙ ነው? ክብደቱ ነው? ትከሻውን ሰበቀ። «‹ይሄ አይደለም› ብቻ ነው የምትለው» አላት። የምሥራች ሰው ሥራዋን ሲመልስላት የለመደች አይደለችምና ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። ግን ደንበኛ ነው፤ የእናት ነገር ነው። ተወው፣ አየዋለሁ አለችው።

ማታ እራት ላይ ለባሏ ለይመር ነገረችው። ይመር ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች ሰው የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል፤ ቀኑን ሙሉ የመንገደኛ ጭቅጭቅ ሲሰማ ስለሚውል፣ ለጭቅጭቅ ያለው መድኃኒት አንድ ነው፤ መተው። «መልሽለትና ተገላገይ» አላት። ልጃቸው ሔቨን ግን ነገሩ ደስ አላትና በማግስቱ ትምህርት ቤቷ ላይብረሪ ኢንተርኔት ላይ ሰርች አድርጋ፣ የራሊ ፎቶዎች በከለር ፕሪንት አድርጋ ይዛላት መጣች።

«ማሚ፣ ሉክ፤ ከለሩ ነው ፕሮብለሙ» አለች ሔቨን። «ያንቺ ቱ ብራይት ነው። የእነሱ ፌድ ያደረገ ነው።»

የምሥራች ፎቶዎቹን ከድሪቶው አጠገብ አስቀምጣ አየች። ልጅቷ እውነቷን ነው። አሮጌው ቀይ ፀሐይ የበላው፣ የደረቀ በርበሬ የመሰለ ቀይ ነው፤ የሷ እራፊ ደግሞ ከመደብሩ መደርደሪያ ገና የወረደ ቀይ። የሠራችውን በሙሉ ተረተረችው። ከዚያ በኋላ የገጠማት አበሳ ብዙ ነው። አሮጌ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ የደበዘዘ ቀይ ሸሚዝ ፈልጋ አጣች። አዲሱን ጨርቅ ጨው ባለበት ውኃ ቀቀለችው፤ እንዳለ ቀረ። የሻይ ቅጠል አፍልታ ነከረችው፤ ቢጫው ቡና መሰለ። እንደገና ገዝታ እንደገና ነከረች። ይመር ሻወር ሊወስድ ገብቶ፣ ገንዳው ውስጥ የተዘፈዘፈ ጨርቅ እያገኘ ያጉረመርማል።

በዚያ መሃል ያ ዴንቨርን የቀበረ በረዶ ወረደ። መንገዱ ተዘጋ፤ ኤርፖርቱ ተዘጋ፤ ሱቋም ተዘጋ። የምሥራች ድሪቶውን ሳሎን ወለል ላይ ዘርግታ፣ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ በእጅ መስፋት ያዘች። መርፌው ያን ሁሉ ድርብርብ አልፎ እንዲወጣ ጣቷ ላይ ባጠለቀችው ብረት እየገፋች፣ እምቢ ሲል በጥርሷ እየጎተተች ሠራች። ጉልበቷ ደነዘዘ፤ ሁለት ጣቶቿ አበጡ። ስትጨርስ የቱ አሮጌ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ ራሷም ካልቀረበች አትለየውም። ሔቨን ሶፋው ላይ ቆማ ከላይ እያየች «ኢትስ ፐርፌክት፣ ማሚ» አለች። ይመር እንኳ ሳይወድ በግዱ አደነቀ።

ኪሾር ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በፊት መጥቶ ወሰደው። በአዲስ ዓመቱ ሳምንት ፌስታሉን ይዞ በሩ ላይ ሲቆም፣ የምሥራች ገና በመስታወቱ ስታየው መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«አሁንስ ምን ሆኑ?»

«ይሄም አይደለም አለች» አላት አንገቱን ደፍቶ። «እጇን ታሳርፍበትና ትገፋዋለች።»

ምን ብላ ትናገረው? የሰውየው ትሕትና ራሱ አናደዳት። ቢጮህ ትጮህበት ነበር። እሱ ግን ይቅርታ ይጠይቃል፤ እጅ ይነሳል፤ ደግሞ ፌስታሉን ይዞ ይመጣል። ከማታያቸው ሴት ጋር፣ የሚሉትን አጣርቶ በማይነግራት መልእክተኛ በኩል ስትከራከር ወር አለፋት። በቁጣ ነገረችው፤ ወይ እናትህን ይዘሃቸው ትመጣለህ፣ ወይ ድሪቶህን ይዘህ ሁለተኛ እዚህ በር አትደርስም። ኪሾር በረዶው ለሳቸው አይሆንም፣ ደረጃ መውረድ ይከብዳቸዋል አለ። እንግዲያው እኔ እመጣለሁ አለችው። የፌስታሉን አፍ ቋጠረ፣ ፈታ። በመጨረሻ፣ የሚያስቸግረው ነገር እንዳለ ፊቱ እየተናገረ፣ አድራሻውን ነገራትና ለእሑድ ከሰዓት ተቀጣጠሩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ቻምበርስ ሮድ ነዳች። አፓርትመንቱ ግቢ ውስጥ የተጠረገው በረዶ እንደ ጉብታ ተቆልሎ ፓርኪንጉን ግማሽ በልቶታል። ሦስት ጊዜ ዞራ ፓርክ አደረገች። በረዶው ላይ ስትንሸራተት አንድ እግሯ ውኃ ገባበት። ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ የሚያናድዷትን ነገሮች ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለመዘርዘር ተዘጋጅታ ነበር።

በሩን ኪሾር ከፈተ። እናቱ ከመስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ጠጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ አገጫቸውና የእጃቸው ጀርባ በአረንጓዴ ነጠብጣብ የተነቀሰ አሮጊት ናቸው። ንቅሳቱን ስታይ የምሥራች የገዛ አገሯን ሴት ያየች መሰላትና ቁጣዋ ትንሽ በረደ። ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋች።

እጇ አየር ላይ ቀረ። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ነጠላዋ ኮሽታ፣ ትንሽ ወደ ግራዋ አዙረው ፈገግ አሉ።

«አያዩም?» አለች የምሥራች ወደ ኪሾር ዞራ።

«ከመጣን ወዲህ ነው። ቀስ በቀስ ጠፋ። አሁን ምንም አታይም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ቀን ቀን ሥራ ሲሄድ እናቱ ብቻቸውን እንደሚውሉ፣ ሰው ይህን ቢሰማ ወስደው የአዛውንት ቤት ያስገቡብኛል ብሎ እንደሚፈራ ነገራት። ደግሞም፣ አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለስፌት ሥራ የሚያስፈልግ ነገር አልመሰለኝም።

የጨው ውኃው፣ የሻይ ቅጠሉ፣ ገንዳው ውስጥ የተዘፈዘፈው ቀይ ሁሉ በየምሥራች ዓይን ዞረ። ለዓይነ ስውር ቀለም ስታስማማ ከርማለች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አሮጊቷ ፊት ነውር ሆነባትና ዋጠችው።

ጂቪ ድሪቶውን ጭናቸው ላይ አስዘርግተው ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ማንሸራተት ጀመሩ። በራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ፤ ኪሾር ከሥር ከሥር ይተረጉማል። ራሊ አንድ ሰው አይሰፋውም አሉ። መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው፣ እያንዳንዷ ከፊቷ ያለውን ወደ መሃል እየሰፋች ትሄዳለች። ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ። ይቺ አክስታቸው ናት፤ ጥቅጥቅ አድርጋ፣ ክሩን አጥብቃ ነው የምትሰፋው፤ ለሰው ምግብ ስትሰጥም እንደዚያው እጇ ጠባብ ነበር። ጣታቸው ወደ ታች ወረደ። ይቺ ጎረቤታቸው ናት፤ ወሬ ስትጀምር ስፌቷ እየራቀ እየራቀ ይሄዳል። እዚህ ወሬ ጀምራለች፤ እዚህ ጨርሳለች። ይቺ እሳቸው ናቸው፤ ሙሽራ ስለነበሩ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነው፤ መስመሩ ይወላገዳል። እየሳቁ ነበር የሚናገሩት። ከዚያ ጣታቸው የምሥራች የጣፈችው ማዕዘን ላይ ደረሰና ሳቁ ቆመ።

«እዚህ ማንም የለም» አሉ።

ያ ማዕዘን የታናሽ እህታቸው የዳኒ ነበር። ዳኒ ግራኝ ናት። የሁሉም ስፌት ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል፣ የሷ ብቻ ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል፤ ሴቶቹ ይስቁባት ነበር። ጂቪ ተድረው በሄዱ በዓመቱ ዳኒ በወሊድ ሞተች። ፎቶግራፍ የላትም። ልጇም አልተረፈም። ጂቪ ማታ ማታ ሲተኙ ያንን ማዕዘን ወደ ፊታቸው አድርገው፣ ጣታቸውን እዚያ ስፌት ላይ አኑረው ነበር የሚተኙት።

የምሥራች ነገሩ ገባት። ሰፊ ናትና ወዲያው አእምሮዋ ወደ መፍትሔ ሮጠ። ከተቀደደው ላይ የተረፈ ትንሽ ቁራጭ እንኳ ቢገኝ፣ ያንን መሃሉ ላይ አድርጋ ዙሪያውን ልትይዘው ትችላለች። ቁራጩ የት እንዳለ ኪሾርን ጠየቀችው። ኪሾር ለእናቱ ሳይተረጉም ተነሥቶ ወደ ኪችኑ ጠራት።

እዚያ፣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ በውኃው ድምፅ ተከልሎ እውነቱን ነገራት። ድሪቶው አርጅቶ አይደለም የተቀደደው። ከታች የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወስዶ መኪና ውስጥ ከትቶት ነው። መሃል ላይ የሚሽከረከረው ብረት ማዕዘኑን ነክሶ ጎተተው። የተበጣጠሰው ክርና ጨርቅ ከብረቱ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር በመቀስ ቆርጦ አወጣውና የግቢው ቆሻሻ መጣያ ዳምፕስተር ውስጥ ጣለው።

«ጣልከው?»

«ቆሻሻ መሰለኝ።»

የምሥራች በሕይወቷ ትልቅ ሰው በጥፊ ለመምታት እጇ የበላት ያኔ ብቻ ነው። ሰፊ ሆና የትኛውም እራፊ ሥራው ሳያልቅ እንደማይጣል ታውቃለች፤ ይህ ሰው ደግሞ የእናቱን እህት ቆርጦ ዳምፕስተር ከትቷል። እንዳይነግሯት ብሎ ለመናት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አልነገረቻቸውም፤ ባልሠራችው ውሸት ውስጥ ስለከተታትም ሌላ ንዴት ተጨመረባት። ድሪቶውን ተሸክማ ወጣች።

ይመር የሆነውን ሲሰማ፣ «እንግዲህ አበቃ፤ ከዚህ በላይ ምን ልታደርጊ ነው?» አላት። የምሥራች ግን እልህ ይዟታል። ዳኒ ግራኝ ከሆነች፣ እኔም በግራ እጄ እሰፋለሁ አለች። መጀመሪያ አሮጌ አንሶላ ላይ ተለማመደች። ግራ እጇ እንደ ሌላ ሰው እጅ ነው፤ መርፌው ወዲያ ይሄዳል፣ ክሩ ይቋጠራል፣ ጣቷ ይደማል። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ አንሶላዋን ታወጣለች። በዚህ ሐሳብ ተይዛ የአንዲት ሴት ቀሚስ አንዱን ጎን ከሌላው አሳጥራ ሰፋችና ሴትዮዋ ጮኸችባት። ሔቨን፣ «ማሚ፣ ዚስ ኢዝ ክሬዚ» ብላ ሳቀች፤ የእናቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠች። የምሥራች ይህን ሁሉ ለማን ብላ እንደምትደክም ራሷን ትጠይቃለች። ለአሮጊቷ ነው? ለእልኋ ነው? መልሱን ስለማታውቀው ይበልጥ ትናደዳለች።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ጨረሰች። አሁን አዲስ ጨርቅ የለበትም፤ ብዙ ታጥቦ የለሰለሰ የይመርን ሸሚዝና የራሷን አሮጌ የቤት ልብስ ደርባ ነው የሞላችው። ዓይኗን ጨፍና ስትዳስሰው ትልሙ አለ፤ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ወደ ሌላ ጎን ማዘንበሉም አለ። የሚቀር ነገር አልታያትም። ራሷ ይዛው ሄደች።

ጂቪ ማዕዘኑን ፈልገው ጣታቸውን አሳረፉበት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር በራ፤ የምሥራች አይታዋለች፣ አልተሳሳተችም። ጣታቸው ቀጠለ፤ ትንሽ ሄደ፤ ተመለሰ። ከዚያ እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሻካራ ሆኖ ነበር። ኪሾር ሊተረጉም አፈረ።

«ምን አሉ? እንዳለ ንገረኝ።»

«‹ይቺ ዳኒ አይደለችም› አለች። ‹እሷን ለመምሰል የምትለፋ ሌላ ሴት ናት። በእህቴ ቦታ እንግዳ ሰው ለምን ታስተኛብኛለች?› ነው የምትለው።»

የወራቱ ትዕግሥት እዚያ ላይ አለቀ። የምሥራች እንግሊዝኛዋን ትታ በአማርኛ ተናገረች፤ ከዚያ ማንም እንዳልገባው ስታውቅ እንደገና በእንግሊዝኛ ተናገረችው። በመኪና ሰፋሁ፣ አይደለም ተባለ። ቀለም አስማማሁ፣ አይደለም። ግራ እጄን እንደ ሕፃን ልጅ መርፌ አስተማርኩ፣ አሁንም አይደለም። «ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት? የሞተ ሰው እጅ ከየት ላምጣላቸው? ተርጉምላቸው!»

ኪሾር አመነታ። «ተርጉም» አለችው። ተረጎመ፤ አንዷን ቃል እንኳ እንዳላለሰለሰ ከአሮጊቷ ፊት ለማወቅ አይከብድም ነበር። የምሥራች ወዲያው ጸጸታት። ጂቪ ግን አልተቆጡም። ከረጅም ጊዜ በኋላ ሰው በትክክል እንዳናገራቸው ሁሉ ቀና ብለው ተቀመጡ።

ተርትሪው አሉ። ቀዳዳው እንዳለ ይሁን። ዳሩን ብቻ ያዢው፤ ቀዳዳው እያደገ ሄዶ አክስቴንና ጎረቤታችንን እንዳይበላ። መሃሉ ግን ክፍት ይሁን።

ይህ ደግሞ ለየምሥራች ከሁሉም የባሰ ነገር ሆነባት። ቀዳዳ ያለበትን ነገር ከነቀዳዳው ማስረከብ ምን የሚሉት ሙያ ነው? በስሱ እሸፍነዋለሁ አለች። አይሆንም አሉ። አንድ ነጠላ ጨርቅ ብቻ ከሥሩ ላድርግ አለች። አይሆንም። ብርድ ይገባል አለች። ይግባ አሉ። ጣታቸውን ወደ ቀዳዳው ሲያስገቡ ማን እንደጎደለ ያውቃሉ፤ ከተሸፈነ ግን ውሸት ይሆናል። «እናትህ ግትር ናቸው» አለችው ለኪሾር። ለዚህ ትርጉም አላስፈለገም፤ ከድምፅዋ ገብቷቸው ጂቪ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የምሥራች ጫማዋን አውልቃ ፍራሹ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። በክረምቱ ሁሉ የለፋችበትን ስፌት ክር በክር ተረተረችው። የይመር ሸሚዝ ወጣ፤ የራሷ የቤት ልብስ ወጣ፤ ቀዳዳው እንደገና አፉን ከፈተ። ከዚያ በቀኝ እጇ፣ ማንንም ለመምሰል ሳትሞክር፣ ዳሩን አጥፋ ዘመዘመችው። ጂቪ ሌላኛውን ጫፍ ጭናቸው ላይ ይዘው ወጥረውላት ነበር። የምሥራች ጨርሳ ክሩን ስትበጥስ አሮጊቷ ዙሪያውን በጣታቸው አንድ ጊዜ ዞሩትና አንድ ነገር አሉ።

«እጇ ጥብቅ ነው አለች» አለ ኪሾር።

ምስጋና ይሁን ነቀፌታ አልገባትም። ልትጠይቅ ስትል ጂቪ ወደ ልጃቸው ዞረው ሌላ ነገር ጨመሩ። የኪሾር ፊት ጠቆረ፤ ጆሮው ቀላ። አልተረጎመም። የምሥራች ጫማዋን አጥልቃ በሩ ላይ እስክትደርስ ጠበቀችና ምን እንዳሉ ጠየቀችው።

«‹ከእንግዲህ መኪና ውስጥ አትክተተው› አለችኝ» አላት በሹክሹክታ። «ለካ ታውቅ ነበር። ወደ ቤት ሳስገባው የሳሙና ሽታ ነበረው።»

«ታዲያ ዝም ብለውህ ነው የከረሙት?»

«ዝም ብላኝ።»

ማታ ይመር በመጨረሻ ወደዱት ወይ ብሎ ጠየቃት። «ቀዳዳውን ወደዱት» አለችው። እሱ ከት ብሎ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ከዚያ በኋላም ለሳምንታት ነገሩ በልቧ ሲብላላ ከረመ። ሌላ ሥራ ይዛ ሳለች ድንገት እጇ ይቆማል። አንድ ስስ ጨርቅ ከሥሩ ብታደርግ ምን ይጎድል ነበር? ከአሮጊቷ ጋር በልቧ ትከራከራለች፤ በልቧም ትረታቸዋለች።

ጁን ላይ፣ ሙቀቱ አስፋልቱን ማለስለስ ሲጀምር፣ ኪሾር ሱቋ ገባ። የምሥራች መጀመሪያ ያየችው እጁን ነው። ጥቁር ፌስታል የለም፤ ያጠረ የሥራ ሱሪ ብቻ ይዟል፤ እግሩ እንዲረዝም ይፈልጋል። እናቱን እንዴት እንደሆኑ ጠየቀችው። ደህና ናቸው፤ ራሊያቸውን ለብሰው ይተኛሉ፤ አንዲት የሰፈሩ ሴት ቀን ቀን እየመጣች አብራቸው ትውላለች።

«ግን…» አለና አቆመ።

«ግን ምን?»

«ኤሲ አስገብተን ነበር። ‹ንፋሱ በቀዳዳው እየገባ ትከሻዬን ያመኛል› ትላለች። እንድነግርዎ አዝዛኛለች።»

የምሥራች በከንፈሯ የነከሰችውን መርፌ አወጣች። «ንገራቸው…» ብላ ጀመረች። የምትለው ብዙ ነበር፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተደራርቦ መጣባት። ተወችውና ሱሪውን ከእጁ ተቀበለች፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በውስጥ የታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ ለካች።

«ለማክሰኞ ይደርሳል» አለችው።